ቻናን ካውር «ቤቴ ባዶ አይደለም» አለች

ከፍሬዘር መንገድ ወረድ ብሎ፣ ደቡብ ቫንኩቨር ውስጥ፣ ከታች ጡብ ከላይ ነጭ ግድግዳ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። መንገዱን ሙሉ የተደረደሩት ቤቶች ሁሉ እሱኑ ይመስላሉ፤ የመጣ እንግዳ ቁጥሩን ካልያዘ የሰው ደጅ ሲያንኳኳ ይውላል። ባክሺሽ ሲንግ በወንዙ ዳር እንጨት መሰንጠቂያ ዕድሜውን ጨርሶ የገዛው ቤት ነው። ልጅ አልወለደም። በ2021 ሲያርፍ ሚስቱ ቻናን ካውር እንደ ደንባቸው የተቃጠለውን አስከሬኑን አመድ ይዛ ወደ ፑንጃብ ሄደች፤ እንደሄደች ቀረች።

ፎቁ ላይ ባለው ክፍል የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ በዙፋኑ ተቀምጧል። በቤተሰቡ አነጋገር «ማሃራጅ» ነው፤ ጠዋት ይገለጣል፣ ማታ ተሸፍኖ ያርፋል። ይህን የሚያደርገው ከወንዙ ማዶ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ጃግታር ነው። የኩሽና ቁም ሣጥን እየገጠመ ሚስቱን ሱክጂትንና ሁለት ሴት ልጆቹን ያስተዳድራል። አባቱ ጊያን ሲንግ የሟቹ የባክሺሽ የአጎት ልጅ ነው። ዝምድናው ይህን ያህል ነው፤ በመሃሉ ግን ሌላም ነገር አለ።

ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ቻናን ባረፈችበት፣ ዳውላትፑር በሚገኘው የወንድሟ ቤት ስልክ ሲጮኽ ከማድ ቤት እስከ በረት ያለው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጠዋለች። የቤት ጉዳይ በዚህ ዓይነት አይወራምና ተጻጻፉ። እሱ እሷን «ታዪጂ»፣ ሟቹን «ታያጂ» ይላል፤ የአባት ታላቅ ወንድም ሚስትና የአባት ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው።

ቫንኩቨር፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023

ለተከበሩት ታዪጂ ቻናን ካውር፣

እግርዎን ነክቼ ሳት ስሪ አካል እላለሁ። እኔም፣ ሱክጂትም፣ ልጆቹም በፈጣሪያችን በዋሄጉሩ ቸርነት በመልካም መንፈስ አለን፤ የእርስዎንም ጤና ከእሱው እንለምናለን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እዚህ በረዶው ዘንድሮ ራራልን፤ ዝናቡ ግን እንደ አበዳሪ ከደጃችን አልጠፋ አለ።

ቤቱ ደህና ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ገብቼ ማሃራጅን እገልጣለሁ፤ ማታ ሱክጂት ሄዳ ትሸፍናለች። የጓሮው አጥር ጎንበስ ብሎ ነበር፣ ደግፌዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እንደሚያውቁት እዚህ ከተማ ባለቤት የሆነ ሁሉ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ «ባለፈው ዓመት ቤቴ ሰው ነበረበት» ወይም «አልነበረበትም» ብሎ ማሳወቅ አለበት። ዝም ያለ እንደሆነ ቤቱ ባዶ ተብሎ ይቆጠራል። ባለቤት ለሞተበት ዓመትና ለተከታዩ ከተማው ምሕረት ስላለው፣ ለ2021ም ለ2022ም በታያጂ ዕረፍት አልፈናል። ያ ምክንያት አሁን አለቀ። በዚህ በያዝነው ዓመት ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ሰው ካልኖረ፣ ከቤቱ ግምት ላይ ከመቶ ሦስት ይጠይቁናል። ግምቱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ነው። ስልሳ ሺህ ማለት ነው፤ ለከርሞም እንደገና ስልሳ ሺህ። ካልተከፈለ በቤቱ ላይ እየተቆለለ ይሄድና በስተመጨረሻ ቤቱ ራሱ ለጨረታ ይወጣል።

የሚያድነው፣ እርስዎ ተመልሰው ቢኖሩበት ነው፤ ወይም ተከራይ ቢገባበት፤ ወይም ዘመድ ያለ ኪራይም ቢሆን ዋና መኖሪያው አድርጎ ቢቀመጥበት። የሚሉትን ይጻፉልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ፣ ጃግታር

ዳውላትፑር፣ ማርች 8 ቀን 2023

ለልጄ ለጃግታር ሲንግ፣

ዋሄጉሩ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። እኔ በወንድሜ ጥላ ሥር በመልካም መንፈስ አለሁ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይወቅሰኛል፤ ከሰዓት በኋላ እንታረቃለን። ስንዴው ሊያሸት ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? ንጉሥ በዙፋኑ የተቀመጠበት ቤት ባዶ ይባላል? በእኛ አገር ፍርድ ቤት እንኳ ማሃራጅን እንደ ሰው ቆጥሮ ርስት በስሙ ይመዘግብለታል። ሂድና ንገራቸው፤ ቤቴ ባዶ አይደለም።

እኔ መመለስ አልችልም። የመንደሩ ቤታችን ክርክር ኤፕሪል ላይ ተቀጥሯል። ከአገር ከወጣሁ «ከሳሿ የለችም» ብለው ፋይሉን ይዘጉታል። ያን ጊዜ ማን እንደሚስቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ሌላም ነገር አለ። እዚያ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ፕሪታም ደውላ፣ «የቻናን ፎቅ ላይ መብራት ሲበራ አመሸ» ብላ ለወንድሜ ሚስት ነግራታለች። አዳሩን ማን ነበር? አልተቆጣሁም፣ መጠየቄ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቁም ሣጥኖቹ ተከፍተው ይታዩ።

ለመብራትና ለውኃ ካነሰህ ከባንኩ ውሰድ፤ ደረሰኙን አስቀምጥ።

ታዪህ፣ ቻናን ካውር

ቫንኩቨር፣ ማርች 30 ቀን 2023

ለተከበሩት ታዪጂ፣

በዋሄጉሩ ፈቃድ ሁላችንም ደህና ነን፤ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም በመልካም መንፈስ እንዲያገኝዎ ምኞታችን ነው። ፎቶዎቹን አብሬ ልኬአለሁ። ቁም ሣጥኖቹን ሁሉ ከፍቻለሁ።

ያን ምሽት ሱክጂት ማሃራጅን ልታሳርፍ ሄዳ ሳለ ትንሿ ልጃችን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሊሄዱ ሲሉ መኪናው አልነሣ አለ። ከሥራ ደርሼ እስክወስዳቸው ነው መብራቱ የቆየው። ያደረ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ሱክጂት ልጆቹን ይዛ አትሄድም፤ ለጎረቤት ትታቸው ነው የምትሄደው።

ስለ ማሃራጅ እንዳዘዙኝ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት።

«የነዋሪው ስም ማን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሆሄ በሆሄ አስጻፈችኝ።

«መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ይኸው ነው?»

«መንጃ ፈቃድ የለውም» አልኳት።

«ገቢ ግብሩንስ በዚህ አድራሻ ነው የሚያሳውቀው?»

ምን ልበላት ታዪጂ? እውነቱን አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ አልሳቀችም፣ ትመስገን። «ለእምነታችሁ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ እኛ የምንጠይቀው ግን ስለ ሰው ነው» አለችኝ። የምርመራ ደብዳቤ ከመጣ የሚጠይቁት መንጃ ፈቃድ፣ የቤት መድን፣ የመብራት ሂሳብ፣ በዚያ አድራሻ የሚመጣ ፖስታ ነው። በሐሰት «ሰው አለበት» ብሎ የተገኘ ደግሞ ቅጣቱ ለብቻው ነው፤ ስለዚህ ያንን አልጽፍም።

ሱክጂት የምታውቃቸው ሁለት ነርሶች አሉ፤ ፊሊፒናውያን ናቸው፣ ጨዋ ልጆች። የታችኛውን ክፍል ይከራያሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉልኝ፤ ስድስት ወር እንዲሞላ የሚገባው ሰው ከጁላይ አንድ ማለፍ የለበትም። የእኛ ደብዳቤ ደግሞ ለመሄድ ሦስት ሳምንት፣ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ልጅዎ፣ ጃግታር

ዳውላትፑር፣ ኤፕሪል 26 ቀን 2023

ለጃግታር ሲንግ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልህ። ክርክሩ ለሴፕቴምበር ተቀጠረ። የአባትህ ጠበቃ ሆዱን አመመው አሉ፤ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር የሚነሣ ሆድ ነው።

ነርሶቹ ጨዋ ይሆናሉ፤ አላውቃቸውም። ማሃራጅ ባረፈበት ጣሪያ ሥር ሥጋ ሲጠበስና ቢራ ሲከፈት ግን አልፈቅድም። በሰው ጓዳ ገብቼ ይህን ብሉ ያን አትብሉ ማለትም አልችልም። ተከራይ አይገባም።

ደግሞ በመጀመሪያው ደብዳቤህ መጨረሻ «ወይም ዘመድ ያለ ኪራይ» ብለህ በችኮላ ያለፍካትን ያላየኋት መሰለህ? አይቻታለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አንተው እንድትናገራት ብዬ ነው።

አንተ ያን ጊዜ የእናትህን ቀሚስ ይዘህ የምትሄድ ልጅ ነበርክ፤ አታስታውሰውም። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከካናዳ መጥተን ልንመለስ ስንል አባትህ የመንደሩ ደጃችን ላይ ቆሞ፣ «ባቢ ጂ፣ የወንድሜ ሚስት፣ የበረቴ ጣሪያ ወረደብኝ፤ እናንተ ካናዳ ናችሁ፤ የማልባቸውን ጎሾቼን ለዚህ ዝናም ብቻ ግቢያችሁ ላስራቸው» አለኝ። ታያህ አንገራገረ። «ወንድምህ አይደለም እንዴ» ብዬ ቁልፉን ያሰጠሁት እኔ ነኝ። ዝናሙ አለፈ። «ነገ አወጣቸዋለሁ» አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንመጣ ገለባው ሳሎን ገብቷል። «ነገ ባቢ ጂ፣ ነገ» አለ፤ ሻይ አፍልቶም አጠጣን። ታያህ እስከ ዕለተ ሞቱ ያን «ነገ» ሲጠብቅ ኖረ። አመዱን ታቅፌ ስመጣ በገዛ ቤቱ አንዲት ሌሊት ላሳድረው ብዬ ነበር፤ በሩን የከፈተልኝ የለም፤ ከውስጥ የጎሽ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ይኸው እኔም በሰው ቤት አለሁ።

የእባብ ልጅ እባብ ነው አላልኩም። ታያህ ታሞ ሳለ ያስታመምከው አንተ ነህ፤ ያን አልረሳም። ግን ነገሩ በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እናም ቃሌ ይኸው ነው፤ ለአባትህ ንገረው። የመንደሩን ቤት ቁልፍ እጄ ላይ ያስቀምጥ፤ በዚያው ቀን የቫንኩቨሩ ቤት ላንተ ይከፈታል። ይህ ካልሆነ ቤቱ ተሸጦም ቢሆን ለከተማው ይከፈል። ሁለት ቤት ለአንድ ቤተሰብ አላስረክብም።

ቻናን ካውር

ከዚህ በኋላ ሜይ ሙሉውን ከጃግታር ዘንድ ድምፅ ጠፋ። የመልሱ ጊዜ ገና ነበር፤ ቻናን ግን አላስቻላትም፤ በወሩ መሃል ሁለት መስመር ሰደደች።

ዳውላትፑር፣ ሜይ 17 ቀን 2023

ጃግታር፣ ደብዳቤዬ ደረሰህ ወይ? ከደረሰህ ደረሰኝ በል፤ ሌላው ይቆይ።

ቻናን

ቫንኩቨር፣ ሜይ 31 ቀን 2023

ለተከበሩት ታዪጂ፣

ሳት ስሪ አካል። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ የዘገየሁት ለአባቴ ስደውል ነው። ይህንን በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ ጊዜ የለንም።

በመጀመሪያ የደወልኩ ጊዜ ደስ ብሎት አነሣ።

«አባዬ፣ የታዪጂን ቤት ቁልፍ ስጣት» አልኩት።

«የቱን ቁልፍ? ጎሽ ቁልፍ ይፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«አትቀልድ አባዬ። ጠብቅልን ነው ያሉህ፤ ውረስ አላሉህም።»

«ጣሪያውን ማን ጠገነው? ምስጥ ሲበላው ማን ደረሰለት? እሷ እዚያ ፎቅ አላት፣ እዚህ ደግሞ የእኔን ገለባ ትመኛለች።»

«ልጆቼ ያፍሩብኛል» አልኩት። ዘጋብኝ።

በሁለተኛው ቀን እሱ ራሱ ደወለ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። «ሞኝ ነህ አንተ» አለኝ። «ቁልፉ በእጅህ፣ በሩ በፊትህ። ፍራሽህን ይዘህ ግባ። ከገባህ ማን ያስወጣሃል? አሮጊት ናት፤ ሁለት ቀን ታለቅሳለች፣ በሦስተኛው ቀን ትለምደዋለች። እኔ አላየሁም?»

በሦስተኛው ጊዜ ወንድሜ አነሣና «አባባ ለካናዳ የለሁም በሉ ብሏል» አለኝ።

መልሱ እንግዲህ አይሆንም ነው ታዪጂ። «እየለሰለሰልን ነው፣ ትንሽ ይታገሡን» ብዬ ብጽፍልዎ ምናልባት ጁላይ ሳይገባ ያስገቡን ነበር። ግን አልለሰለሰም። የሚለሰልስም አይመስለኝም።

ያልነገርኩዎት ሌላም አለ። አከራያችን ልጁን ሊድር ነው፤ የምንኖርበትን ምድር ቤት እስከ ኦገስት እንድንለቅ ነግሮናል። በፌብሩዋሪም ይህን አውቅ ነበር። «ወይም ዘመድ» ያልኩት ራሴን ነው፤ በትክክል አይተውታል። በዛሬ ኪራይ ለአራት ሰው የሚሆን ቤት በአቅማችን አላገኘንም። ሱክጂት በየቀኑ ባዶ መኝታ ቤቶች አጠገብ አልፋ ማሃራጅን ታሳርፍና ልጆቿን ወደ ምድር ቤት ይዛ ትገባለች። አንድም ቀን አላማረረችም፤ ይኸው ነው የጨረሰኝ።

የጠየቁኝን ማምጣት አልቻልኩም። ቢሆንም ባዶ እጄን ሆኜ እለምንዎታለሁ፤ እኛ እንግባበት። የፈለጉትን ወረቀት ይላኩልኝ፣ እፈርማለሁ። እምቢ ካሉም አልቀየምም፤ ማሃራጅን መግለጡንም አልተውም።

ልጅዎ፣ ጃግታር

ዳውላትፑር፣ ጁን 13 ቀን 2023

ለልጄ ለጃግታር ሲንግ፣

ዋሄጉሩ ካንተ ጋር ይሁን። ይህ ደብዳቤ በአውሮፕላን ፈጥኖ እንዲደርስህ ከፍዬአለሁ፤ ወንድሜ በዋጋው ሦስት ጊዜ ራሱን ያዘ።

«ጎሽ ቁልፍ ይፈልጋል እንዴ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። እሱ ራሱ ነው፣ ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

አባትህ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ጊዜ እንኳ «አይሆንም» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት እሄድ ነበር፤ ታያህም በገዛ ግቢው አርጅቶ ይሞት ነበር። የበላን «ነገ» ነው። ከእናንተ ቤት «አይሆንም» የሚል ቃል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱንም ያመጣኸው አንተ ነህ፣ በራስህ ላይ እንደሚፈርድብህ እያወቅህ። «ፍራሽህን ይዘህ ግባ» ያለህንም ሳትደብቅ ጻፍክልኝ። ሌባ የሚገባበትን መስኮት ለባለቤቱ አያሳይም።

ስለዚህ ግቡ። ጁላይ አትጠብቁ።

ወረቀት አልልክልህም። አባትህ ያን ጊዜ በሽማግሌዎች ፊት ወረቀት ፈርሞ ነበር። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ጎሾቹም ግቢዬ ውስጥ አሉ።

ፎቁ ላይ ያለውን ትልቁን መኝታ ቤት ያዙ፤ ልጆቹ ጓሮውን በሚያየው ይተኙ። መንጃ ፈቃድህን በዚያው ሳምንት አድራሻ አስቀይር፤ መብራቱንም በስምህ አዙር፣ ፖስታህም እዚያ ይምጣ። ከተማው ሲጠይቅህ የምታሳየው ይኑርህ። ሥጋ ካማራችሁ ውጭ ብሉ። ሰው «ልጁም እንዳባቱ ያዘው» ማለቱ አይቀርም፤ «ማን አስገባህ» ሲሉህ ስሜን ጥራ።

ኪራዩን ልንገርህ። ገንዘብ አይደለም። በሴፕቴምበር ቀጠሮ ላይ ምስክሬ አድርጌ እጠራሃለሁ። አባትህ በስልክ ያለህን ሁሉ፣ የጎሹን ቀልድ ሳይቀር፣ እሱ በተቀመጠበት ለዳኛው ትነግርልኛለህ። ቤቱ ውስጥ መኖርህን ከዚህ ጋር አላስርም፤ ባትመጣም አላስወጣህም። ግን እጠብቅሃለሁ።

ታዪህ፣ ቻናን ካውር

ቫንኩቨር፣ ጁን 27 ቀን 2023

ለተከበሩት ታዪጂ፣

እግርዎን ነክቼ ሳት ስሪ አካል እላለሁ። ቅዳሜ ዕለት ገባን። ሱክጂት መጀመሪያ ማሃራጅ ፊት ሄዳ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ ኩሽናውን ማጠብ ጀመረች። ልጆቹ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። መንጃ ፈቃዱን ትናንት አስቀይሬአለሁ፤ መብራቱም በስሜ ዞሯል። በጃንዋሪ የከተማውን ቅጽ ስሞላ የምጽፈው እውነት ነው።

ስለ ኪራዩ፣ አባቴ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ ብዬ ደወልኩለት። በወንድሜ ስልክ ነው ያገኘሁት።

«ቤቱን አስገባችህ አሉ» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። «አላልኩህም?»

«አስገባችኝ አባዬ። ሴፕቴምበር ላይ እመጣለሁ።»

«እሰይ። ለምን ጉዳይ?»

ነገርኩት።

«ዳኛ ፊት ልትቆምብኝ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። ከወዲያ በኩል ጎሾቹ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። እንዲሁ ሆነን ቆየን፣ የወንድሜ ስልክ ባትሪ እስኪያልቅ።

ቲኬቱን ቆርጫለሁ።

ልጅዎ፣ ጃግታር